አንድ አልጋ በ1,800 ዶላር፦ የአንድ የኮምቦልቻ ሆቴል የስኪማ ፍተሻ

ሆቴሉና ገጹ

ጉዳዩ ኮምቦልቻ ያለ የአንድ መካከለኛ ሆቴል ድረ ገጽ ነው፤ ስኪማው፣ ማለትም ለጉግል ስለ ሆቴሉ የሚናገረው የተደበቀ ጽሑፍ፣ በስህተት የተሞላ ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠቅስም፤ የባለቤቱንም፣ ገጹን የሠራውን ልጅም እንዲሁ። የምጽፈው ስህተቱ የእነሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። እዚህ ደሴም ሆነ ታች ኮምቦልቻ ከማያቸው የንግድ ገጾች ብዙዎቹ ከዚህ ስህተት አንዱን ወይም ሁለቱን ይዘዋል።

የሆቴሉ እንግዶች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ለኢንዱስትሪ ፓርኩና ለፋብሪካዎቹ ሥራ የሚመጡ ናቸው፤ ቴክኒሻን፣ ኦዲተር፣ ዕቃ አቅራቢ። እነዚህ ገና አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር እያሉ ነው አልጋ የሚፈልጉት። የሚፈልጉትም በስልካቸው ጉግል ላይ ነው። ሁለተኞቹ ወደ ደሴና ወደ ወልዲያ የሚያልፉ መንገደኞች ናቸው፤ መሽቶባቸው የሚያድሩ። ሦስተኞቹ በመስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚወጡ ምዕመናን ናቸው። ያን ሰሞን ደሴ ላይ አልጋ ሲጠፋ ሰው የሐረጎን ተራራ መንገድ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ገጹ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ነው፤ የእንግሊዝኛና የአማርኛ ክፍል አለው። የሠራው ወጣት ጎበዝ ነው። መልኩ ያምራል፣ በደካማ ኔትዎርክም ይከፈታል። ልጁ ሥራውን አስረክቦ ሌላ ከተማ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ገጹን የምትነካው እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራው ልጅ ብቻ ናት። ዋጋ ሲጨምር ቁጥሩን ትቀይራለች፣ ፎቶ ትጨምራለች፣ በቃ።

ችግሩ

ነገሩ የተነሳው በ2017 ክረምት ነው። አንድ ዕቃ አቅራቢ ከአዲስ አበባ ደውሎ “አልጋችሁ የእውነት 1,800 ዶላር ነው?” ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሰውየው ግን ስክሪንሹት አንስቶ በቴሌግራም ላከላት። የጉግል ውጤት ነው። የሆቴሉ ስም፣ ከሥሩ 4.9 ኮከብ፣ ቀጥሎ 327 አስተያየት፣ ቀጥሎ 1,800 የአሜሪካ ዶላር። ትክክለኛው ዋጋ 1,800 ብር ነበር።

ባለቤቱን ሁሉም ሰው ሐጂ ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ላይ ነገሩን አላከበዱትም። “አብሽሪ፣ በዶላር ልክፈል የሚል ካለ ይምጣ” አሏት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ወሬ መጣ። ለፋብሪካ የውጭ ባለሙያዎችን የሚያመላልስ ሹፌር፣ ምግብ ቤቱ ገና እኩለ ቀን ላይ እንደሚከፈት ስልኩ ላይ አንብቦ እንግዶቹን ሌላ ቦታ ቁርስ አብልቷል። አንዲት ሴት ደግሞ ደውላ “ከሐረር ስንት ሰዓት ይፈጃል?” ብላለች። ሐጂ “ልጄ፣ ና እስቲ ይሄን ነገር እየው” ብለው የጠሩኝ ይሄኔ ነው።

ስኪማው ምን ይሠራል

ሰው ገጹን ሲያነብ 1,800 የሚለው የአልጋ ዋጋ መሆኑን ለመረዳት ማንም አያስፈልገውም። ማሽን ግን የሚያየው ቁጥር ነው። ስለዚህ ገጹ ውስጥ፣ አንባቢ በማያየው ክፍል፣ “ይህ ዋጋ ነው፣ ይህ ስልክ ነው፣ ይህ መክፈቻ ሰዓት ነው” የሚል ጽሑፍ ይገባል። ጆንያ ላይ እንደሚሰፋ ወረቀት ማለት ነው፤ አፉ ሳይፈታ በውስጡ ያለውን ይናገራል። ስትራክቸርድ ዳታ የሚባለው ይኸው ነው። የቃላቱ መዝገብ ስኪማ ዶት ኦርግ ይባላል፤ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ በ2011 እ.ኤ.አ. በጋራ የጀመሩት ሲሆን ያንዴክስም በዚያው ዓመት ተቀላቅሏል። አጻጻፉ ከአንድ በላይ ነው፤ ጉግል የሚመክረው ጄሰን-ኤልዲ የሚባለውን ነው። የሙያው ሰዎች ሁሉንም ጠቅልለው “ስኪማ” ስለሚሉት እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ለሐጂ ከመጀመሪያው አንድ ነገር ግልጽ አደረግሁ። ስኪማ ማስተካከል ገጹን ከአምስተኛ ወደ አንደኛ አያወጣውም። የሚያደርገው በውጤቱ መስመር ላይ ዋጋ፣ ኮከብና መሰል ነገር እንዲታይ ዕድል መስጠት ነው። ዕድል ነው ያልኩት። ኮዱ ያለ እንከን ቢሆንም እንኳ ጉግል በእርግጠኝነት አሳያለሁ ብሎ አያውቅም።

መፈተሻው ሁሉንም አሳለፈ

ለዚህ ሥራ ሁለት ነጻ መፈተሻዎች አሉ። ሪች ሪዛልትስ ቴስት የጉግል ነው፤ ጉግል በውጤቱ ላይ የሚጠቀምባቸውን ዓይነቶች ብቻ ያያል። ስኪማ ማርካፕ ቫሊዴተር ደግሞ በስኪማ ዶት ኦርግ መዝገብ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያነባል። የድሮው የጉግል መፈተሻ ተዘግቶ የተዛወረው ወደዚህኛው ነው። ሁለቱንም መጠቀም ያስፈልጋል፤ አንዱ የማያየውን ሌላው ያያልና።

የእንግሊዝኛውን መነሻ ገጽና የክፍሎቹን ገጽ አስገባሁ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ዶላሩ “ቫሊድ” (ልክ ነው)፣ ኮከቡ “ቫሊድ”፣ ሰዓቱም “ቫሊድ”። ገጹን የሠራው ልጅ በስልክ “እኔም ሳስረክብ ፈትሼው ነበር፣ አንድም ስህተት አልነበረውም” አለኝ። እውነቱን ነው።

መፈተሻው የሚያየው ቅርጽን ነው። ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ቁጥር አለ? ግዴታ የሆነው መስመር ተሞልቷል? ገንዘቡ የታወቀ ኮድ አለው? ዶላር የታወቀ ገንዘብ ነው፣ 1,800ም ቁጥር ነው፤ ያልፋል። ኮምቦልቻ ላይ አልጋ በ1,800 ዶላር እንደማይከራይ ማሽኑ ከየት ያውቃል? ይህን የሚያውቅ ሰው እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ ፍተሻውን ወደ ወረቀት አወረድነው። ቫሊዴተሩ ያወጣውን እያንዳንዱን መስመር በሦስት ዓምድ ጻፍሁት። በመጀመሪያው ስኪማው ለማሽን የሚለው፣ በሁለተኛው ገጹ ለሰው የሚያሳየው፣ በሦስተኛው እውነቱ። ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ አድርጌ ለልጅቷ ሰጠኋት። ከሥራው ሁሉ ፍሬ ያፈራው ይህ እርምጃ ነው፤ ኮምፒውተርም አልጠየቀም።

ሰዓቱ

ልጅቷ እስክሪብቶ ይዛ ከላይ ጀመረች።

“ቼክ ኢን፣ 08:00። ልክ ነው፣ 8 ሰዓት ነው የምናስገባው።” ምልክት አደረገች። “ቼክ አውት፣ 05:00። ልክ ነው።” ምግብ ቤቱ ላይ ደረሰች። “መክፈቻ 12:00፣ መዝጊያ 04:00። እሱም ልክ ነው።”

“ስልክሽ ላይ 08:00 ሲል ውጭው ምን ይመስላል?” አልኳት።

ስልኳን አየች። “ጠዋት ነዋ፣ ሁለት ሰ…” አለችና ወረቀቱን መልሳ ሳበች። ሦስቱንም ምልክት ራሷ ሰረዘቻቸው።

እንዴት እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። ሠሪው በስልክ “መግቢያ ስንት ሰዓት ነው?” ይላል። ሐጂ “8 ሰዓት” ይላሉ። እሱም 08:00 ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም በአማርኛ ተግባብተዋል። ስኪማው ግን ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ተነስቶ በ24 ነው። የእኛ የቀኑ 8 ሰዓት እዚያ 14:00 ነው። የረፋዱ 5 ሰዓት 11:00 ነው። ስለዚህ ለማሽኑ የተነገረው “እንግዳ ጠዋት 2 ሰዓት ይገባል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ይወጣል” የሚል ነው። ጨለማ ሳይገፈፍ ሻንጣ ይዛችሁ ውጡ እንደማለት።

የምግብ ቤቱ ይብሳል። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ማለትም ከ06:00 እስከ 22:00። የተጻፈው ግን ከ12:00 እስከ 04:00 ነው። መዝጊያው ከመክፈቻው አንሶ መፈተሻው ለምን ዝም አለ? ምክንያቱም ይህ ስህተት አይደለም። እኩለ ሌሊትን አልፎ የሚዘጋ ቤት በደንቡ የሚጻፈው ልክ እንደዚህ ነው። ማሽኑ የገባው፣ ቤቱ እኩለ ቀን ከፍቶ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት እንደሚሠራ ነው። ሐጂ ይህን ሲሰሙ “ጭፈራ ቤት አደረገን በለኛ!” ብለው ከልባቸው ሳቁ።

ልጅቷ ወረቀቱ ጀርባ ላይ የጻፈችው ሕግ ይህ ነው፤ ለማንም ይሠራል። ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12 ባለው ላይ 6 ይደመራል። ከማታው 1 እስከ 5 ባለው ላይ 18 ይደመራል። የሌሊቱ 6 ሰዓት 00:00 ነው፤ ከሌሊቱ 7 እስከ ጠዋት 12 ካለው ላይ 6 ይቀነሳል። ቀንና ሰዓት አብሮ በሚጻፍበት ቦታ መጨረሻ ላይ +03:00 ይጨመራል። እኛ አገር ሰዓት በበጋና በክረምት ስለማይቀየር ይህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው።

በነገራችን ላይ ሆቴሉ የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል፣ ማለትም ባለቤቱ ራሱ ጉግል ላይ የሚሞላው የድርጅት መረጃ፣ ነበረው፤ እዚያ ላይ የሆቴሉ ሰዓት ልክ ነው። የሞላችው ራሷ ልጅቷ ናት። ቅጹ ኤኤምና ፒኤም እያለ ስለሚጠይቅ አስባ ነው የሞላችው። ምግብ ቤቱ ግን የራሱ ፕሮፋይል አልነበረውም፤ ስለ እሱ የሚናገረው ስኪማው ብቻ ነበር።

ዋጋው፣ ካርታውና ኮከቡ

ዶላሩ የመጣው ከገጹ ዲዛይን ነው። ተገዝቶ የሚጫን ዲዛይን ለማሳያ የሚሆን ስኪማ ይዞ ይመጣል። ሠሪው የክፍሉን ስምና ቁጥሩን ቀይሯል፤ የገንዘቡን ኮድ አላየውም። በዚያ ላይ ስኪማ የሚጽፍ ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ለብቻው ተጭኗል። ስለዚህ አንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ ስልኩ በአንዱ የሆቴሉ፣ በሌላው የአሜሪካ የማሳያ ቁጥር። ይህን የምታገኘው መፈተሻው ላይ አንድ ዓይነት ነገር ሁለት ጊዜ ተዘርዝሮ ስታይ ነው። ብዙ ሰው አረንጓዴውን ካየ በኋላ ወደ ታች ስለማይወርድ አያየውም።

እኛ እየሠራን እያለ ደግሞ ዋጋው 2,000 ብር ገባ። ልጅቷ ገጹ ላይ ቀየረችው። ስኪማው 1,800 እንዳለ ቀረ፤ በእጅ የተጻፈ ነዋ። ዋጋ በየጊዜው በሚነሳበት ገበያ እንዲህ ያለ ስኪማ ዕድሜው አጭር ነው።

ካርታውን በጨረፍታ ልለፈው። ኮምቦልቻ በግምት በ11.08 ሰሜንና በ39.74 ምሥራቅ ላይ ናት። ስኪማው ላይ ሁለቱ ተገለባብጠው ገብተዋል። 39.74 ሰሜንና 11.08 ምሥራቅ የት እንደሚወድቅ ካርታ ላይ አየነው፤ በሰርዲኒያ ደሴትና በጣሊያን ዋና ምድር መካከል ባሕር ውስጥ ነው። ሁለቱም ቁጥር ከገደቡ ስላልወጣ መፈተሻው አሳልፎታል። አድራሻው ላይ ደግሞ ከተማው “ኮምቦልቻ”፣ አገሩ “ኢትዮጵያ” ብቻ ይላል። ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥም ኮምቦልቻ አለች፤ ከሐረር ብዙም አትርቅም። ያቺ ሴትዮ አላጠፋችም። ክልሉንና “ደቡብ ወሎ” የሚለውን ጨመርን።

የኮከቡ ነገር ግን ቴክኒክ አልነበረም። 4.9ና 327 አስተያየት የሚለውም ከማሳያው የመጣ ነው። ሆቴሉ እንዲህ ያለ ግምገማ ሰብስቦ አያውቅም፣ ገጹ ላይም አይታይም። የጉግል ደንብ ሁለቱንም ይከለክላል። ስኪማው ውስጥ የገባ ነገር አንባቢው ገጹ ላይ ሊያየው ይገባል፤ ግምገማውም ከእውነተኛ ሰው የመጣ መሆን አለበት። ከዚህም ሌላ ከመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ድርጅት በራሱ ገጽ ላይ ስለ ራሱ የሚጽፈውን ኮከብ ጉግል አያሳይም። የእኛው የታየው ክፍሉ “ምርት” ተብሎ ስለተመዘገበ ነው፤ በጓሮ በር እንደመግባት።

ሐጂ ኮከቡን ወደውት ነበር። “ማንን ጎዳ?” አሉ። ደንቡን ነገርኳቸው፤ ጉግል እንዲህ ያለውን ካገኘ ገጹ በውጤት ላይ ልዩ አቀራረብ የማግኘት መብቱን ይነጠቃል፣ ተራ ደረጃው ግን በዚህ አይወርድም። ይህ ብዙም አላስጨነቃቸውም። ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው ልጅቷ ያለችው ነው፦ “ሐጂ፣ እንግዳው መጥቶ 327ቱ ሰዎች የታሉ ቢለኝ ምን እላለሁ?” ዝም አሉ። ቀጥለው “በሉ አጥፉት” አሉ።

የአማርኛው ገጽና ጳጉሜ

የአማርኛው ገጽ ሌላ ታሪክ ነው። መፈተሻው እዚያ ላይ ቀይ ሆነ። ጉግል ለገጽ ባለቤቶች ስህተት በሚያሳውቅበት ሰርች ኮንሶል ውስጥም “ሊነበብ ያልቻለ” ከሚባሉት ጋር ተመድቦ ለወራት ተቀምጧል፤ ያየው ሰው የለም።

ምክንያቱ ነጠላ ሰረዝ ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ዎርድ ላይ ተተይቦ ነው የተለጠፈው። ጄሰን-ኤልዲ የሚያውቀው ቀጥ ያለውን ድርብ ትእምርተ ጥቅስና የላቲኑን ኮማ ብቻ ነው። ዎርድ ጥቅሱን አጥፎታል፤ አማርኛ ኪቦርዱ ደግሞ በኮማ ፋንታ ፣ አስገብቷል። በዓይን ሲታይ ያምራል። ለማሽኑ ግን አንዷ ምልክት ስትሳሳት መላው ክፍል ይጣላል። በጥቅሱ መካከል ባለው ጽሑፍ ውስጥ ፣ እና ። ቢገቡ ችግር የለውም፤ ችግሩ ከጥቅሱ ውጭ ነው። ዎርድ ላይም፣ ቴሌግራም ላይም ኮድ ባይተየብ ይሻላል። ተራው ኖትፓድ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ የተሰበረው ገጽ ማንንም አላሳሳተም። ምንም ስላልተነበበ ጉግል የሚያሳየውን ከጽሑፉ ላይ ወሰደ። እንግዳ ያሳሳተው ያለ አንድ ስህተት ያለፈው የእንግሊዝኛው ነው።

ሁለተኛው ቀይ ከቀን መቁጠሪያ የመጣ ነው። ሆቴሉ ግቢው ውስጥ የአዲስ ዓመት ባዛር ያዘጋጃል፤ ስኪማው ላይ “ኢቨንት”፣ ማለትም ዝግጅት፣ ተብሎ ገብቷል። መጀመሪያው ቀን 2017-13-03 ይላል። ጳጉሜ 3 ማለት ነው። 13ኛ ወር የለም ብሎ መፈተሻው ጮኸ። ትክክለኛው 2025-09-08 ነው። ከእሱ በታች “የግሸን ጉዞ” የሚል ሌላ ኢቨንት አለ፤ ቀኑ 2018-01-21። ይሄኛው አረንጓዴ ነው! ወር 1፣ ቀን 21፣ ምንም አይጎድለውም። ማሽኑ ግን ጥር 2018 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ ከዓመታት በፊት ያለፈ ነገር አድርጎ ይዞታል። መስከረም 21 ቀን 2018 በፈረንጅ 2025-10-01 ነው። ጳጉሜ ስለጮኸች ተገኘች፤ መስከረም ዝም ብላ ልታልፍ ነበር።

ቀኑን ካስተካከልን በኋላም የግሸኑን አወጣነው። ነገሩ አልጋ፣ ቁርስና መኪና በአንድ ዋጋ የሚሸጥበት ጥቅል ነው። የጉግል ደንብ የጉዞ ጥቅልንና ቅናሽን እንደ ኢቨንት ማስገባት አይፈቅድም። ባዛሩ እውነተኛ ዝግጅት ስለሆነ ቆየ።

እንዴት ተስተካከለ

የዲዛይኑን ማሳያ ስኪማ ሙሉ በሙሉ አጠፋነው፤ ፕለጊኑ ብቻ ቀረ። የክፍሉ ዋጋ በዎርድፕረስ ውስጥ አንድ ሳጥን ላይ እንዲጻፍ ተደረገ። ገጹም ስኪማውም ከዚያ ሳጥን ያነባሉ። አሁን ልጅቷ አንዴ ስትቀይር ሁለቱም ይቀየራሉ። ገንዘቡ ኢቲቢ በሚለው የብር ኮድ ተተካ። ዋጋው ያለ ነጠላ ሰረዝ፣ 2000 ተብሎ ብቻ ይገባል፤ ሺውን መለየት ለሰው ነው እንጂ ለማሽን አይደለም። ስልኩ ከፊቱ ያለችውን 0 ጥሎ በ+251 ተጀመረ። ሆቴሉ “ሆቴል”፣ ምግብ ቤቱ “ሬስቶራንት” ተብሎ ለየብቻ ተመዘገበ። ለምግብ ቤቱም የቢዝነስ ፕሮፋይል ተከፈተለት።

የተደጋጋሚ ጥያቄዎች ስኪማም ነበር። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጉግል ያንን ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ገጾች ብቻ እንዲታይ ገድቦት ነበር። ጉዳት ስለሌለው ተውነው። በማይታይ ነገር ላይ ቀን ማቃጠል አያስፈልግም።

ከዚያ እንደገና በሁለቱም መፈተሻ አሳለፍነው፤ ወረቀቱንም ልጅቷ እንደ አዲስ ሞላችው። በሰርች ኮንሶል ዋና ዋናዎቹ ገጾች እንደገና እንዲታዩ ጠየቅን።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

ዶላሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፋ። በቦታው የብሩ ዋጋ መጣ። የምግብ ቤቱ ሰዓትም ተስተካከለ፤ እሱ ግን ከስኪማው ይልቅ ከአዲሱ ፕሮፋይል የመጣ ነው ብዬ ነው የማምነው። የአማርኛው ገጽ ዘግየት ብሎ ከቀይ መዝገቡ ወጣ።

የካርታው ማስተካከያ በዓይን የሚታይ ለውጥ አላመጣም። ጉግል ካርታ ላይ ያለው ምልክት ከፕሮፋይሉ ስለሆነ ድሮም ቦታው ላይ ነበር። ባዛሩም ስህተቱ ተነሳለት እንጂ በውጤት ላይ ለብቻው ጎልቶ አልወጣም። በጊዜ ብናስገባው ይሻል ነበር ይሆናል፤ እኛ ስናርመው ባዛሩ ደጃፍ ላይ ደርሷል።

ኮከቡ ጠፋ፣ ከእሱ ጋርም ትንሽ ክሊክ ሄደ። ኮከብ ያለው መስመር ዓይን ይይዛል፤ የሌለው ያን ያህል አይይዝም። ይህን ለሐጂ አስቀድሜ ስለነገርኳቸው ጠብ አልተፈጠረም። በተረፈ ግን “በዶላር ነው?” የሚል ስልክ ቆሟል። “ከሐረር ስንት ሰዓት ነው?” የሚልም አልመጣም።

ለሌላ ገጽ የሚወሰድ

የሱቅ፣ የክሊኒክ ወይም የኮሌጅ ገጽ ያለው ሰው ከዚህ መጀመሪያ የሚወስደው ወረቀቱን ነው። መፈተሻው ያወጣውን ዘርዝሮ ቦታው ላይ ለሚሠራው ሰው መስጠት። ለባለቤቱ አይደለም፤ ባለቤት ብዙ ጊዜ “ልክ ነው” ብሎ ያልፋል። ስልክ የሚያነሳው፣ ደንበኛ የሚጮኽበት ሰው ነው ስህተቱን የሚያውቀው። እሱንም ቢሆን ሰዓቱ ላይ “ስልክህ ላይ ስንት ይላል?” ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የእኛ ሰዓት በጣም ስለሚታወቀን ስህተቱ ልክ ይመስላል።

እኛ አገር ላይ ቀድመው መታየት ያለባቸው መስመሮች እነዚሁ ናቸው፦ ሰዓት፣ ቀን፣ ገንዘብ፣ ስልክና ቦታ። ቀን ላይ ዓመቱ ከያዝነው የፈረንጅ ዓመት 7 ወይም 8 ካነሰ የእኛው አቆጣጠር ገብቷል ማለት ነው። የመመዝገቢያ ቀን የሚያወጣ ኮሌጅ በዚህ በኩል ከሆቴል የበለጠ ይጋለጣል።

ዲዛይን ተገዝቶ ከተጫነ የማሳያ ስኪማውን መጀመሪያ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ራስ የሚፈልገውን መጻፍ ይቀላል። እየቆራረጡ ማረም አያዋጣም፤ የዶላሩ ታሪክ የመጣው ከዚያ ነው። ገጽ የሚያሠራ ሰውም ሲረከብ “ተፈትሿል?” ብሎ ብቻ አይጠይቅ። “ስኪማው ምን እንደሚል በአማርኛ አንብብልኝ” ይበል። ሰርች ኮንሶሉም በባለቤቱ ኢሜይል ይከፈት። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ የነበረው ሥራውን አስረክቦ በሄደው ልጅ ኢሜይል ነበር።

ኮከቡን በተመለከተ

ሐጂ ጉዳዩን አልተዉትም። እውነተኛውን ኮከብ ከየት እናምጣ አሉ። መንገዱ የጉግል ካርታ አስተያየት ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ በስልክ የሚነሳ ኪውአር ኮድ ተለጠፈ። ሐጂ “አስተያየት ለሰጠ ቁርስ በነጻ ይሁን” ብለው ነበር። ጉግል በስጦታ የተገኘ አስተያየትን ስለሚከለክል ይህ ቀረ። ልጅቷ ሂሳብ ስትዘጋ “ካልቸኮሉ አስተያየት ይጻፉልን” ብቻ ትላለች። እዚያ የሚጠራቀመው ኮከብ ካርታውና ፕሮፋይሉ ላይ ይታያል። ገልብጦ ወደ ስኪማው ማስገባት ግን አይቻልም፤ ከሌላ ቦታ የተሰበሰበ ግምገማን በራስ ገጽ ስኪማ ውስጥ ማካተት ደንቡ አይፈቅድም።